አንድም ሰው ሳያነበው የታተመ

ሳንሱር ይመለስ ብዬ አላውቅም፤ ወደፊትም አልልም። ነገር ግን ዘንድሮ እጄ የገቡትን አዳዲስ መጻሕፍት አንዳንዶቹን ጨርሼ፣ አንዳንዶቹን ከመንገድ ትቼ ስነሣ፣ ያ የደርግ ዘመን ሳንሱር ሰውዬ ቀይ እስክሪብቶውን እንደያዘ ውል ይለኛል። ክፉ አልነበረም ወይ? ክፉ ነበር። ግን ሰውዬው ያነብ ነበር! ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው፣ ነጥብና ሰረዙ ሳይቀር። ስለዚህ በዚያ ክፉ ዘመን ማናቸውም መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ሲገባ ቢያንስ አንድ አንባቢ ነበረው። የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን ሲያስቀር እሰየው ብለን ተቀበልን። በሰውዬው ወንበር ላይ አርታዒ የሚያስቀምጥ ግን አልተገኘም፤ ወንበሩ ባዶውን ሠላሳ ዓመት አለፈው። ዛሬ መጽሐፍ ሲወጣ ከጸሐፊው በቀር ያነበበው የለም፤ ጸሐፊውም ማንበቡን እጠራጠራለሁ። አንዱ ልብ ወለድ ላይ በ40ኛው ገጽ የተቀበረች እናት በ112ኛው ገጽ ቡና ታፈላለች። መንፈስ ትሆናለች ብዬ በትዕግሥት ጠበቅኩ። አይደለችም። መቅበሩን ረስቶ ነው።

የምኖርበት አቃቂ እንግዲህ የፋብሪካ አገር ነው። ጨርቁ እዚህ ተሸምኗል፣ ብረቱ እዚህ ተቀጥቅጧል፣ ፓስታውም ከጎረቤታችን ከቃሊቲ ወጥቷል። መጽሐፍ የሚሸጥ ሱቅ ግን ከኛ ሰፈር ፈልጋችሁ አምጡ። "መጽሐፍ አለህ?" ስትሉት የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያወጣላችኋል፤ እሱንም ከነመልሱ። ስለዚህ እንደኔ የጡረታ ብሩን ለወረቀት የሚገብር ሽማግሌ ከቃሊቲ ባቡር ተሳፍሮ ወደ መሀል ከተማ መሄድ ግዴታው ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር፣ እንደ ፈረንጆቹ ተቀምጦ እያነበቡ መሄድ መጣ ተብሎ ነበር። መቀመጡስ ይቅር፤ መጽሐፍ ለመግለጥ ክንድ ያስፈልጋል፣ ክንዴ ደግሞ የሰው ብብት ሥር ነው።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፉን መሬት ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ አለ። "አባባ፣ ኦሪጅናሉን ነው ኮፒውን?" ይለኛል። የኦሪጅናሉን ዋጋ ሲነግረኝ ኮፒውን እጠይቃለሁ፤ የኮፒውን ሲነግረኝ ርእሱን አንብቤ እመለሳለሁ። በዚህ ዓይነት ዘንድሮ ብዙ ርእስ አንብቤአለሁ። ደግሞም እውነቱን ለመናገር የዘንድሮዎቹ ርእሶች ከውስጣቸው ይሻላሉ።

የልጄ ልጅ ይህን አይታ አዘነችልኝና "አባባ፣ ለምን ይንከራተታሉ?" ብላ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ትልክልኝ ጀመር። የደራሲን ላብ በነጻ መጠጣት ነውር ነው ብዬ ተቆጣኋት፤ ተቆጥቼ ሳበቃ ከፈትኩት። ገጹ ተንጋዷል፤ በግርጌው በኩል መጽሐፉን ተጭኖ ፎቶ ያነሣው ሰው አውራ ጣት ወጥቷል። ጥፍሩ ጠርዙ ላይ ጠቁሯል። በየገጹ አለ። አንዳንዴ የመጨረሻውን መስመር ይሸፍናል፣ አንዳንዴ የገጹን ቁጥር ይበላል። ወደ መሀል ስደርስ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሎ መጣ። ምን አግኝቶት ይሆን? ልቤ ተሰቀለ! የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ በዚያው ምዕራፍ ፍቅረኛው ከድታው ዓባይ ሊገባ ነው፤ እኔ የማስበው ስለ ጣቱ ነው። በመጨረሻው ገጽ ፕላስተሩ ተነሥቶ ሳየው ተመስገን አልኩ። ዘንድሮ ካነበብኳቸው አዳዲስ ልብ ወለዶች ታሪኩ በወጉ የተቋጨው ይህ ጣት ብቻ ነው።

ሀብታም ስለሚያደርጉት መጻሕፍት ብዙ አልናገርም። ሁሉም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥ ይላሉ። እኔና ጓደኞቼ ዕድሜ ልካችንን ለጠዋቱ ፈረቃ የፋብሪካው ጡሩምባ ሳይነፋ ስንነሣ ኖረናል። ከመሀላችን ሚሊየነር የሆነ ካለ እስካሁን ለዕድራችን አላሳወቀም።

የባለሥልጣናት ትዝታ ደግሞ አለላችሁ። በዚህ በኩል ሱሰኛ ነኝ፤ ቀይ ሽብርን በዓይኔ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ማን ምን እንዳደረገ ከባለቤቱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ዘንድሮም ድሮ የወጡትንም አዲስ የመጡትንም አገላበጥኩ። በነዚህ መጻሕፍት ብንሄድ በሀገራችን ማንም ማንንም አልገደለም። እያንዳንዱ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ተቃውሟል፤ ምን ያድርግ፣ በድምፅ ብልጫ ተሸንፏል። እነዚህን ተሸናፊዎች ብቻ ብንሰበስባቸው አዳራሽ ሞልተው ደጅ ይተርፋሉ። ያሸነፈው ሰውዬ ነው እስካሁን መጽሐፍ ያልጻፈው።

ታዲያ ምንም አልወደድክም ወይ ትሉኛላችሁ። ወድጃለሁ እንጂ! የዓመቱ ምርጤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ)" ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመው። እንግዲህ ይህ ሰው በልጅነቱ ዓድዋን ያየ፣ ከዚያ ሩሲያ ተወስዶ መድፈኝነት የተማረ፣ ተመልሶ የሀገራችንን የመጀመሪያ ቴአትር "ፋቡላ"ን የጻፈ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀ፣ ጣሊያን ሲመጣ ጄኔቭ ላይ ለሀገሩ የተሟገተ ነው። ከዚህ አንዱን ብቻ የሠራ የዛሬ ሰው ቢሆን ሦስት ቅጽ፣ ሦስት ምርቃት፣ ሦስት ኬክ ነበር። እኔ የወደድኩት ግን ጀብዱን አይደለም፤ ጭቅጭቁን ነው። ሰውዬው ከኔ የባሰ ነጭናጫ ነው! ሩሲያን ይወዳል፣ ይተቻል። መኳንንቱን ይተቻል። የሾሙትን ይተቻል። ያላመነበትን ነገር ሰው ደስ ይበለው ብሎ አያልፍም። አንድ ሰው ሲያስቀይመው የት ቦታ፣ በምን ጉዳይ፣ ማን ባለበት እንደሆነ ይነግራችኋል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አምነዋለሁ። ቁጣ ያለው ሰው ዝርዝር አይረሳም።

"ኦሮማይ"ንም ደገምኩት። ምክንያቱ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ መባሉ ነው፤ ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ ናቸው የተረጎሙት። በ1975 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ ፈረንጅ ዘንድ ለመድረስ አርባ ሁለት ዓመት ፈጀ። እኛ ዘንድ ግን ወዲያው ነበር የደረሰው፤ ወዲያውም ነበር ከገበያ የተሰበሰበው። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በሰው ጉያ ተደብቆ ሲዞር፣ አሮጌ ጋዜጣ ለብሶ እኔም ዘንድ ደርሶ ለአንድ ሌሊት አድሯል። እና አሁን በሰላም ሳነበው ምን አየሁ? ስብሰባዎቹ ይረዝማሉ። ይቅር ይበለኝና ይረዝማሉ። አስመራና ፊያሜታ ያሉበት ገጽ ግን ዛሬም ይተኩሳል፤ አሁንም ቢሆን ሌሊቱን ብቻ ነው የፈጀብኝ።

ያን ዘመን ሳነሣ ተርጓሚው ነቢይ መኮንን ትዝ ይለኛል፤ ነፍሱን ይማር። የማርጋሬት ሚቼልን ያን የሚያህል የአሜሪካ ልብ ወለድ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው፤ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ተብሎ ወጣ። እስቲ የሲጋራ ፓኮ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩት፤ ስንት መስመር ይይዛል? በዚያች ላይ የሚጽፍ ሰው "በዚህች ምድር ላይ የሚኖር የሰው ልጅ ሁሉ" ብሎ ዓረፍተ ነገር አይጀምርም፤ ቦታ የለውማ። ዘንድሮ ግን አንዱ ደራሲ ጀምበር እስክትጠልቅ ሦስት ገጽ ፈጅቶብኛል። ኮምፒውተሩን ቀምቶ አንድ ፓኮ የሚሰጠው ቢገኝ ኖሮ ጀምበሯ በጊዜዋ ትገባ ነበር።

የኛም ክፍለ ከተማ በእስር ቤት ጽሑፍ አይታማም። ፖለቲከኛው አንዱዓለም አራጌ "ያልተሄደበት መንገድ"ን የጻፈው እዚሁ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሆኖ ነው። የዞን 9 ጦማሪ ልጆችም ስማቸውን ያወጡት ከዚሁ ግቢ ነው፤ እስር ቤቱ ስምንት ዞን ስላለው የቀረነው ሁላችን ዘጠነኛው ነን ብለው። መጽሐፍ መሸጫ የሌለው ሰፈር መጻፊያ አላጣም እላለሁ፤ ጮክ ብዬ ግን አልልም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የልጄ ልጅ የደራሲው የአዳም ረታ መጻሕፍት ወዳጅ ናት። "የስንብት ቀለማት"ን፣ እንደ ግንብ ድንጋይ የሚከብደውን፣ ወረቀቱን ራሱን ገዝታ አመጣችልኝ። ጋደም ብዬ ደረቴ ላይ ባደርገው ትንፋሼ አጠረ፤ ሐኪም ከባድ ነገር አታንሣ ያለኝ ይህንን ይሁን አይሁን አላውቅም። አዳም ረታ የአጻጻፍ ስልቱን ከእንጀራ ነው ያመጣው፣ ሕፅናዊነት ይባላል፣ ዓይኑ ሁሉ እርስ በርሱ የተገናኘ ነው ብላ አስረዳችኝ። እሺ፣ እንጀራው ይሁን፤ ወጡ የታለ? ማን የማን አጎት እንደሆነ ለመያዝ ወረቀት ላይ ዘር ማንዘር መሳል ጀመርኩ። ግን ልጅቷ ፊት አልናገርም እንጂ ይህ ሰው ምግብና ሰፈር ሲጽፍ ወደር የለውም። ፍልሰታ ላይ እንዳታነቡት እመክራለሁ።

እሷ በተራዋ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን አንብባለች።

"መቼ አነበብሽው?"

"ታክሲ ውስጥ፣ አባባ። በጆሮ ማዳመጫ።"

"ታዲያ በሬዲዮ ያነበበው ወጋየሁ ንጋቱ ነዋ! አንቺ ሰምተሻል።"

ሳቀችብኝ። እኔም ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 እንዳወጡት በዓይን ማንበብ እንዴት እንደሆነ ላሳያት ብዬ አሮጌውን ቅጂ አወረድኩ። ማንኩሳ ላይ እንደ ደረስኩ የወጋየሁ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተነሣ። ፊታውራሪ መሸሻ በሱ ድምፅ፣ ጉዱ ካሳ በሱ ድምፅ። ሰብለ ወንጌልም እንዲሁ! ሬዲዮው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ ሰውዬው ግን ካነበበው መጽሐፍ ውስጥ አልወጣም ብሏል። ልጅቷ "እርስዎም ሰምተው ነው እንጂ" ብላኝ ቡናውን ልትደግም ተነሣች። አስተዳደግ ቀረ።

የዓመቱን ትልቁን ንባቤን ለመጨረሻ ያቆየሁት ደሜ እንዳይፈላ ነው። አብሮኝ በጡረታ የወጣ የሽመና ክፍል ጎረቤት አለኝ። የሕይወት ታሪኩን ጽፎ፣ በእህቱ ልጅ አስተይቦ፣ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሎ በሰኔ ዝናብ ይዞልኝ መጣ። "ወንድሜ፣ አንብበህ አስተያየት ጻፍልኝ፤ ከጀርባው ላይ ትወጣለች" አለኝ። አርታዒ ጠፋ እያልኩ ስጮህ የኖርኩ ሰው እንዴት እምቢ እላለሁ? ቀይ እስክሪብቶ ገዛሁ።

ሰውዬው ከቅድመ አያቱ ቅድመ አያት ነው የሚጀምረው። የርስት ክርክር አለ፣ የፈረስ ስም አለ፣ ማን ከማን እንደተጋባ አለ። ባለታሪኩ የሚወለደው 96ኛው ገጽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የተሸለመው የምስክር ወረቀት ሁሉ ከነቁጥሩ ተገልብጧል። እስክሪብቶዬ ቀለም ሊጨርስ ሲል ነው አንዲት አጭር ምዕራፍ ላይ የደረስኩት። ፈረቃ ሲለቀቅ የጥጥ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ፣ ጢማቸው ላይ፣ ጆሯቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሃያ ዓመት ጎረምሶች እንደ አረጋውያን ሸብተው ከበሩ ይወጣሉ። በር ላይ ቆሎ ይዛ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ጎረቤቴን ታየዋለች፤ እሱ ደግሞ ሊያናግራት ስንት ቀን ሲዘጋጅ ከርሟል። ገና ቀረብ ሲል ብድግ ብላ፣ ዝቅ ብላ "አባቴ፣ እንደምን ዋሉ" አለችው። ያን ቀን ሳያናግራት ሄደ። በማግሥቱ ፊቱን በበርሜል ውኃ ታጥቦ መጣ፤ አላወቀችውም። አርባ ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ ናት።

ይህን ሳነብ ቀይ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ሄጄም "ሌላውን ሁሉ ጣለው፣ ከዚህ ተነሥና ስለ ፋብሪካው ጻፍ" አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። "የአባቶቼን ስም ጣል ነው የምትለኝ?" አለ። "ቢያንስ ቀንስ እንጂ" አልኩ። አስተያየቱንስ ብሎ አፋጠጠኝ። ከሽማግሌ ጎረቤት ጋር መጣላትም አይቻል፤ በማን ዕድር እቀበራለሁ? እናም ሰምና ወርቅ የተማርኩበትን ዘመን አስታውሼ "በዕድሜዬ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም" ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ባለፈው ሳምንት ታትሞ መጣ። ዓረፍተ ነገሬ ከነስሜ በጀርባው ላይ በወርቃማ ቀለም ወጥቷል። ለአስተያየት ሰጪ ቅናሽ አለው ተብዬ ከጡረታዬ ከፈልኩ።

"ምክርህን ደግሞ አልጣልኩም" አለኝ መልሱን እየቆጠረ። "ማተሚያ ቤቱ ገጽ በዛ፣ ወረቀት ተወደደ ቢለኝ ቀንስ ያልከኝ ትዝ አለኝና አንዷን ምዕራፍ አወጣሁ።"

"የትኛዋን?"

"ያቺን የጥጥ ብናኟን። ሚስቴም ታፍርባት ነበር።"