የዶሮ ጥብስ ዋጋንና «ግን» የተባለውን ቃል ለመወሰን የወጣ አዋጅ

ከሆለታ እስከ ባኮ በሚዘረጋው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ የሚኖር፣ የሚበላና የሚያበላ ሁሉ ይስማ፤ የሰማም ላልሰማ ያሰማ።

ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ ከተማ አንድ አዲስ የዶሮ ጥብስ ቤት ተከፍቶ፣ ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ ከበሩ የሚወጣ ተመጋቢ ሁሉ አፉን በሶፍት እየጠረገ «ምግቡ ጥሩ ነው፤ ግን…» ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ የሚተወው በመሆኑ፤ ይኸው ያልተጨረሰ ነገር በባጃጅ፣ በጋሪና በሚኒባስ ተሳፍሮ ጉደርና ጊንጪ በመድረሱ፣ ከዶሮው አንዲት ቁራጭ ያልቀመሱ ሰዎች ሳይቀሩ በዋጋው ላይ የጸና አቋም የያዙ በመሆኑ፤ ወሬው ከምግቡ ቀድሞ መዞሩም ለቤቱም ለተመጋቢውም የማይበጅ ሆኖ ስለተገኘ፤ ከምሳ በኋላ በጠረጴዛ ዙሪያ የቀሩት ተመጋቢዎች ሂሳቡን ማን ይክፈል በሚለው ጉዳይ ላይ መስማማት ቢሳናቸውም በዚህኛው ላይ በሙሉ ድምፅ ተስማምተው የሚከተለውን አውጀዋል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የዶሮ ጥብስና የግን አዋጅ ቁጥር 12/9» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ እንደ ሌሎች አዋጆች ተራውን ጠብቆ የተሰጠ ሳይሆን የራሱ ምክንያት ያለው ሲሆን፣ ምክንያቱ በአንቀጽ 4 ተብራርቷል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

«ፍራይድ ቺክን» ማለት በቅመምና በዱቄት ተለውሶ፣ ሙቀቱ 170 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በደረሰ ዘይት ውስጥ ተዘፍቆ የሚበስል የዶሮ ሥጋ ሲሆን፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ከሚሠራው ከተለመደው ጥብስ የሚለየው ሥጋው በዘይት ላይ ሳይሆን በዘይት ውስጥ በመብሰሉ ነው። ዱቄት የለበሰው ሥጋ ከጋለው ዘይት ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋል፤ እንፋሎቱ እስከገፋ ድረስም ዘይቱ ወደ ውስጥ እንደልቡ አይዘልቅም፣ ልባሱም ደርቆ ጥርስ ሲያርፍበት ኩርሽም ይላል። መብራት በሄደ ጊዜ፣ ወይም አብሳዩ ወረፋው አስጨንቆት ከልክ በላይ ቁራጭ በአንድ ጊዜ በከተተ ጊዜ፣ የዘይቱ ሙቀት ይወርዳል፣ እንፋሎቱ ይደክማል፣ ልባሱም ዘይቱን ይመጠዋል። ስለዚህ «ዛሬ ዘይት ጠጥቷል» የሚለው የተመጋቢ ቅሬታ ስለ አብሳዩ ሙያ ብቻ ሳይሆን ስለ ከተማው የመብራት ሁኔታም እንደተሰጠ ምስክርነት ይቆጠራል።

«ፒስ» ማለት አንድ ቁራጭ ነው፤ ቁራጩ ክንፍ ይሁን ቅልጥም የሚታወቀው ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ ነው።

«ግን» በሰዋስው መጻሕፍት ሁለት ሐሳቦችን የሚያቃርን አያያዥ ቃል ሲሆን፣ ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም ሲባል ግን ተመጋቢው ከጠገበ በኋላና ከመክፈሉ በፊት ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ የሚናገረው ቃል ነው። ከመጥገብ በፊት የተነገረ «ግን» ረኀብ፣ ከተከፈለ በኋላ የተነገረው ደግሞ ጸጸት ስለሆነ ሁለቱም ከአዋጁ ወሰን ውጭ ናቸው።

አንቀጽ 3፦ የተከለከለ ንጽጽር

ማንኛውም ተመጋቢ «በዚህ ዋጋ አንድ ሙሉ ዶሮ ከነነፍሷ ትገዛ ነበር» ብሎ መናገር በዚህ አዋጅ የተከለከለ ነው። ክልከላው ለቤቱ ባለቤት ከማዘን የመጣ አይደለም፤ ንጽጽሩ ሁለት የማይገናኙ ፍጥረቶችን በአንድ ሚዛን ላይ ስለሚያስቀምጥ ነው። ገበያ ላይ እግሯ ታስሮ የምትሸጠው የሐበሻ ዶሮ፣ በአካባቢው ኦሮምኛ ሉኩ የምትባለው፣ ከግቢ ግቢ እየጫረች ያደገች፣ ሥጋዋ የጠነከረ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ለረጅም ሰዓት ካልተንተከተከች የማትበላ ናት፤ ለሩብ ሰዓት በጋለ ዘይት ውስጥ ገብታ ብትወጣ የሚሰበረው ጥርስ እንጂ ሥጋ አይሆንም። ለፍራይድ ቺክን የሚሆነው ግን የሥጋ ዶሮ የሚባለው፣ ለዚሁ ተብሎ የተመረጠ፣ ጥሬ መጫር ሳያስፈልገው እየቀረበለት በስድስት ሳምንት ገደማ ለዕርድ የሚደርስ የፈረንጅ ዝርያ ነው። የዚህ ዓይነቱ እርባታ የሚታወቀው በቢሾፍቱና በአካባቢዋ ነውና፣ በበዓል ዋዜማ የምዕራብ ሸዋ ዶሮ በሕይወት እያለች በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ስትወጣ፣ በረዶ የሆነው የምሥራቅ ሸዋ ዶሮ ደግሞ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ አምቦ ይወርዳል፤ ሆለታ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ ስለመለዋወጣቸው የቀረበ ማስረጃ የለም።

የንጽጽሩ ትልቁ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ከነነፍሷ የተገዛች ዶሮ ወጥ እስክትሆን ድረስ ታርዳ በፈላ ውሃ መነከር፣ ላባዋ መነጨት፣ በእሳት መለብለብ፣ በብልት በብልቷ መለየት፣ ጠረኗ እስኪለቅ ድረስ በሎሚና በጨው ደጋግማ መታጠብ አለባት፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ እየተቁላላ ነው፣ የሚያቁላላውም ሰው ጢሱ ዓይኑን እያቃጠለው ከምድጃው መራቅ አይችልም። «ሰው» የተባለው ለአጻጻፍ ያህል እንጂ እናት፣ ሚስት፣ እህት ወይም የቤት ሠራተኛ መሆኗ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሁሉ የታወቀ ነው። እሷም ለሌሊት ሥራዋ ደረሰኝ አትቆርጥም፣ በስሟ የተከፈተ ካሽ ሬጅስተርም የላትም፤ የቤት ዶሮ ርካሽ መስሎ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ንጽጽሩን ማቅረብ ግድ የሆነበት ተመጋቢ፣ ወጡን የሠራችው ሴት የፈረመችበትን የሰዓትና የጉልበት ሂሳብ፣ ከማገዶው ወይም ከከሰሉ ወጪ ጋር አያይዞ ማቅረብ አለበት። ሂሳቡ በትክክል ተሠርቶ ከቀረበ የጥብስ ቤቱ ሳጥን ከዶሮ ወጡ ረክሶ ሊገኝ ስለሚችል፣ ማመልከቻ የሚያስገባ አባወራ ይበዛል ተብሎ አይጠበቅም።

የጥብስ ቤቱም ቢሆን በዚህ አንቀጽ ተከልሎ እንደፈለገ እንዲያደርግ አልተፈቀደለትም። የዘይቱ ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ መሆኑ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ከውጭ የሚገባ ሁሉ መወደዱ የማይካድ ስለሆነ፣ ስለ ዘይት «ዶላር ጨምሯል» የሚለው መልስ ተቀባይነት አለው። ስለ ድንች የሚሰጥ ተመሳሳይ መልስ ግን ውድቅ ነው። ጀልዱ በድንቿ የታወቀች የምዕራብ ሸዋ ወረዳ ናት፤ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት የድንች ዝርያዎች የወጡትም እዚሁ መንገድ ላይ ካለው ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። በሁለት ጣት ተቆንጥሮ የሚያልቅ ችፕስ ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስል ማስከፈል፣ በምርምር ማዕከሉ ደጅ በየቀኑ የሚያልፍ ሕዝብን እንደ መናቅ ይቆጠራል። የማዳበሪያው ዋጋስ የሚል ክርክር ቢነሳ ራሱን የቻለ ሌላ አዋጅ የሚያስፈልገው ስለሆነ እዚህ አይስተናገድም።

አንቀጽ 4፦ ስለ 12 እና ስለ 9

በዶሮ ወጥ ሥርዓት አንዲት ዶሮ 12 ብልት ሆና ትወጣለች። ብልት ማለት ስሙና ባለቤቱ የታወቀ ክፍል ማለት ሲሆን፣ ፈረሰኛ የተባለው የደረት ክፍል ለአባወራው ወይም ለተከበረ እንግዳ፣ ቅልጥሙና መላላጫው እንደየማዕረጉ፣ ክንፉና አንገቱ ደግሞ ድርሻውን ለማይጠይቅ ሰው ይደርሳል። የአሜሪካኑ ኬንታኪ ፍራይድ ቺክን በአንጻሩ ዶሮዋን ለ9 ይቆርጣታል። ሳንደርስ የተባሉት የድርጅቱ መሥራች በኬንታኪ ግዛት በኮርቢን ከተማ ለመንገደኛ ምግብ መሸጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1930 ነበር፤ የመጀመሪያው በፈቃድ የሚሠራ የኬንታኪ ዶሮ ቤት የተከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በ1952፣ ከኬንታኪ እጅግ በራቀችው በዩታ ግዛት፣ በሶልት ሌክ ከተማ ነው። የጉደር ነዋሪ በዚህ አይደነቅም፤ በከተማው ስም የሚጠራው ቀይ ወይን ሲታሸግ የኖረው አዲስ አበባ በሚገኘው በአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነውና፣ ስም ከአገሩ ርቆ እንደሚሠራ ከማንም በፊት ያውቃል።

አዋጁን ያስነሳው ልዩነት እንግዲህ በ12 እና በ9 መካከል ያሉት ሦስቱ ናቸው። ነገሩ የአቆራረጥ እንጂ የስርቆት ባይሆንም፣ አንገቱና ጀርባው የት እንደደረሱ የሚጠይቅ ተመጋቢ መልስ የማግኘት መብት አለው። ከዚህ የሚከብደው ግን የማዕረጉ መጥፋት ነው። በቤቱ ፈረሰኛ ሲቀርብለት የኖረ አባወራ ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ «ባለ ሁለት ፒስ» ካዘዘ በኋላ ሳጥኑን ሲከፍት ሁለት ክንፍ ሊያገኝ ይችላል፤ የአሥር ዓመት ልጁ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ደረቱን ይዞ ይገኛል። አንዳንድ ተመጋቢዎች ዋጋው ከበዳቸው ሲባል የከበዳቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ በብር ሲናገሩት ይቀላልና ነው። በቤቱ የኖረው የብልት ሥርዓት ለአንገት በይዋ ሴት ፍትሐዊ እንዳልነበረ ግን ከአንቀጽ 3 ጋር ተጣምሮ ይነበባል። ዕጣ ፈንታ ያከፋፈለው ሳጥን ቢያንስ እሷንም አንዳንዴ ደረት ያደርሳታል።

አንቀጽ 5፦ ሕጋዊ «ግን»

ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በተለምዶ ቫት የሚባለው፣ በሽያጭ ላይ የሚታሰብ የ15 በመቶ ግብር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ፣ የሚለጥፈውም ዋጋ ግብሩን ያካተተ እንዲሆን ያዛል። በሜኑ ላይ 400 ብር የተጻፈለት ምግብ በደረሰኝ ላይ 460 ሆኖ ሲመጣ፣ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የሚለው ማሳሰቢያም የሜኑው የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ላይ በጉንዳን እግር ሲገኝ፣ ተመጋቢው ለ60 ብሩ ልዩነት «ግን» ለማለት ሙሉ መብት አለው፤ ቃሉንም ጎረቤት ጠረጴዛ በሚሰማው ድምፅ እንዲናገር ይበረታታል። ለቀሪው 400 ብር በሹክሹክታ ይበቃዋል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ጓንት፣ ስለ ጉርሻና ስለ አምቦ ውሃ

ከተወለደ ጀምሮ በእጁ ለበላ ሕዝብ ከሳጥኑ ጋር የላስቲክ ጓንት መስጠት ለምን እንዳስፈለገ ሊታወቅ አልቻለም፤ ዕቃው ነፃ ከሆነ ይቅር፣ ተሰልቶ ከሆነም ይቀነስ። ጉርሻ ሁለት ትርጉም አለው፦ በእንጀራ ጠቅልሎ ሰው አፍ ውስጥ ማድረግና ለአስተናጋጅ የሚተው ሽርፍራፊ። የተጠበሰ ቅልጥም ሰው አፍ ውስጥ ቢያደርጉት አጥንቱ አደጋ ስለሚያመጣ የመጀመሪያው ትርጉም በዚህ ቤት ታግዷል፤ ሁለተኛው ግን እንደጸና ይቆያል። በጋዙ የታወቀው ማዕድን ውሃ እዚሁ ከሰንቀሌ እየወጣ፣ ከቅባት በኋላ ከእሱ የተሻለ እንደሌለ ማንም እያወቀ፣ «ኮምቦ» በተባለው ጥቅል ውስጥ ለስላሳ ብቻ ማቅረብ ለአምቦ ከተማ ነውር ነው።

አንቀጽ 7፦ ስለ ተማሪዎች

የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አራት ሆነው በመዋጮ አንድ ሳጥን አዝዘው እስከ ማምሻ ቢቀመጡ አይነሡም፤ ዋጋ እንዴት ለአራት እንደሚካፈል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።

አንቀጽ 8፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዋጁ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እንዲጸና ታስቦ የነበረ ቢሆንም ዕለቱ ረቡዕ ሆኖ በመገኘቱ፣ የተተካውም ቀን ዓርብ በመሆኑ፣ የሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ 55 ቀን የሚጾመው ሁዳዴ የሚገባበት በመሆኑ፣ ጾሙን በሚጾሙት ዘንድ አፈጻጸሙ ከፋሲካ በኋላ ወዳለው ጊዜ ተላልፏል፤ በፋሲካ ዕለት ማንም ከቤቱ ወጥ ርቆ ጥብስ ቤት ስለማይሄድ ያ ቀንም አይቆጠርም። ጾሙ የማይመለከታቸው የከተማዋ ነዋሪዎች እስከዚያው ድረስ «ግን» ማለታቸውን መቀጠል ይችላሉ። ጾመኞች ችፕስ ብቻ ማዘዝ ይፈቀድላቸዋል፤ ነገር ግን ድንቹ ዶሮው በተጠበሰበት ዘይት ተጠብሶ እንደሆነ የሚል ጥያቄ ከየጠረጴዛው በመነሣቱ፣ ቤቱ ለድንች ብቻ የሚሆን ሁለተኛ መጥበሻ እንዲገዛ ታዟል። የመጥበሻው ዋጋ በችፕሱ ላይ የሚጨመር ሲሆን፣ ጭማሪው ቫትን አይጨምርም።