ይበሉ፤ አንቺ ጻፊ

ለሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች የውጭ አገር ስኮላርሺፕ የድርሰት ውድድር ወጥቷል ብለሽ ቤት ውስጥ የተናገርሽ ቀን፣ እስክሪብቶ ሳታነሺ አፍ ይከፈትብሻል። አጎት ይናገራል፣ ጎረቤት ይናገራል፣ ቲቸር ሳይቀር ይናገራል። አንቺ አክብሮት ይዞሽ ዝም ትያለሽ። እኔን የያዘኝ ነገር የለም፤ የሚሉሽን ተራ በተራ አንስቼ ልመልስልሽ።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ።»

በየትኛው ወንድ? ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ስዊዘርላንድ ተምረው መጡ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ላይ ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት መሩ፣ መጽሐፍ ጻፉ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ራሳቸው ጀመሩት፣ ራሳቸው ጨረሱት። ያለቀው ተረቱ ነው።

«ይልቅስ ወንድሟ ይሞክር።»

ይሞክር፤ ለሁሉም የሚወጣ ውድድር ሞልቶለታል። ይህ ግን የወጣው ለእሷ ነው። እሷ የተወችው ዕድል ለሌላ ልጅ ያልፋል እንጂ ለወንድሟ አይወረስም። «ለሴት ብቻ መሆኑ አድልዎ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ማታ ቤቱን ይመልከት። ሁለቱ እኩል ከትምህርት ቤት ገቡ። እሱ ደብተሩን ዘረጋ። እሷ ሽንኩርት ከተፈች፣ ዕቃ አጠበች፣ ቡና ቆላች፣ ታናሿን አስተኛች። ደብተሯን የገለጠችው እሱ ሲያንቀላፋ ነው። አድልዎው የት እንዳለ ጓዳው ይመስክር።

«ዕድሜዋ ለትዳር ደርሷል።»

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። 18 ሲሞላትም «ትችላለች» አለ እንጂ «አለባት» አላለም። ውድድሩ የመጨረሻ ቀን አለው፤ ትዳር የመጨረሻ ቀን የለውም። የሚያልፍባትን ታስቀድም።

«መጀመሪያ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ትለፍ።»

ትለፍ፤ ማን ከልክሏት! ግን ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። በር እንዲህ በጠበበበት ጊዜ «ሌላ አታንኳኪ» ማለት ምክር አይባልም። ደግሞስ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ከሀ እስከ መ አይታ ታጠቁራለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የራሷን ሐሳብ በአንድ ሙሉ ገጽ እንድትጽፍ ስንት ጊዜ ተጠየቀች? ድርሰቱ ከጥናቷ አያዘናጋትም፤ ዩኒቨርሲቲ የሚጠብቃትን ሥራ አስቀድሞ ያለማምዳታል።

«ጨዋ ልጅ አንገቷን ትደፋለች፤ ስለራሷ አታወራም።»

አንገት ደፊ አገር አጥፊ ያለውም ያው ያገራችን ሰው ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ካሉም፣ እንጀራም አይገባም በያቸው። እርግጥ ጉራ አያምርም፤ ጉራና ምስክርነት ግን ለየቅል ናቸው። «እኔ ጎበዝ ነኝ» ጉራ ነው። «ሒሳብ የከበዳቸውን የክፍሌን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስቤ አስረዳኋቸው፤ መጀመሪያ ሦስት መጡ፣ በኋላ ክፍሉ ጠበበን» ምስክርነት ነው። ዳኛ የሚፈልገው ይህን ነው፦ ምን አየሽ፣ ምን አደረግሽ፣ ምን ተለወጠ። ሦስቱን በእውነት ስትመልሺ አንገትሽን ቀና ያደረገው ሥራሽ ነው፤ ማንም ባለጌ ሊልሽ አይችልም።

«ምን አይታ ነው የምትጽፈው?»

ያየችውን! መዓዛ መንግሥቴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዘመቱ ኢትዮጵያውያትን ታሪክ በልብ ወለድ ጽፋ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገባች። የእኛ ሴቶች ታሪክ ለዓለም አንባቢ አላነሰም። ላንቺም አያንስም። እናትሽ ጉሊት ስትሸጥ ሒሳብ የምትይዢው አንቺ ከሆንሽ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ትርፍና ኪሳራ፣ በበዓል ዋዜማ ስለሚንር ዋጋ ከማንም በላይ የምታውቂው አለ። ውኃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ወረፋውን ያደራጀሽ ከሆነ፣ ስለ አመራር ለመጻፍ ውጭ አገር መድረስ አያስፈልግሽም።

«ድህነትሽን ዘርዝሪው፤ አስለቅሻቸው።»

ዳኞቹ አልቃሽ አልቀጠሩም። ችግርሽን አትደብቂ፤ በሁለት መስመር ተናገሪው። ቀሪውን ችግሩን ይዘሽ ላደረግሽው ነገር ተይው። የሚሸለመው ያጣሽው ሳይሆን ባለሽ ያደረግሽው ነው።

«ከበድ ከበድ ያለ እንግሊዝኛ ጨምሪበት።»

ቃል ሲከብድ ሐሳብ አይከብድም። አንባቢው መዝገበ ቃላት ፍለጋ ከተነሳ ተመልሶ ላይቀመጥ ይችላል። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ የምታውቂው ቃል፣ በዓይን የሚታይ ነገር። ጽፈሽ ስትጨርሺ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ የአንባቢውም ዓይን ይደናቀፋል። እሱን አስተካክይ።

«የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ይጽፍልሻል፤ ካልሆነም ቻትጂፒቲ አለ።»

የሰው ወርቅ አያደምቅ። ከድርሰቱ ቀጥሎ ቃለ መጠይቅ ያላቸው ውድድሮች አሉ። እዚያ ተቀምጠሽ «ይህን ስትጽፊ ምን አስበሽ ነበር?» ስትባዪ ወርቁ ባለቤቱን ይጣራል። እርዳታ ነውር አይደለም፤ ፊደልሽን ቲቸር ይረም፣ «እዚህ ጋ አልገባኝም» የምትል ጓደኛ ታንብብልሽ። ታሪኩና ሐሳቡ ግን የአንቺ ይሁን። ሌላ ሰው ጽፎልሽ ብታሸንፊ ያሸነፈው እሱ ነው፤ ውጭ ሄዶ የሚማረው ግን እሱ አይደለም።

«ዘመድ ከሌለሽ ልፊ ያለሽ ነሽ።»

ባሕር ማዶ ያለ ዳኛ እዚህ ማን የማን የአክስት ልጅ እንደሆነ ምኑን ያውቃል? የሚያውቅሽ በላክሽው ወረቀት ነው። ዘመድ ለሌላት ልጅ ከዚህ የተሻለ ሜዳ ከየት ይመጣል?

«አሸንፈሻል፤ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ብር ላኪ።»

ለዚህስ መልስም አይገባው። የተሸለመ ይቀበላል እንጂ አይከፍልም። ሽልማት ለመልቀቅ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የባንክ የምስጢር ቁጥርሽን የሚጠይቅ፣ «ለማንም አትንገሪ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው፤ ስልኩን ዝጊና ለወላጅሽ ንገሪ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ እንዳላቸው እውነት ነው፤ መክፈል ለማይችል ተማሪ የሚያነሱ ግን ብዙ ናቸው። አታፍሪ፣ ጠይቂ።

«ቀኑ ገና ነው፤ ትደርሻለሽ።»

በማን ሰዓት? ዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ሲሆን እኛ ጋ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። የለንደን እኩለ ሌሊት ግን ለእኛ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። ማስታወቂያው የየትኛውን አገር ሰዓት እንደሚል አንብቢ፤ ከዚያም ያንን ቀን እርሺውና ከሳምንት በፊት ላኪ። መብራት የሚጠፋው፣ ኔትወርክ የሚቆራረጠው የመጨረሻው ሌሊት ላይ ነው።

የልደት ቀንሽንም በግምት አትሙዪ። ጥቅምት 2000 ዓ.ም. የተወለደች በፈረንጅ 2007 ነው የምትጽፈው፤ ሚያዝያ 2000 የተወለደች ደግሞ 2008። የዕድሜ ገደብ ባለበት ውድድር ይህ ስሕተት ከውድድር ያስወጣል። ስምሽም በትራንስክሪፕቱ፣ በፓስፖርቱና በማመልከቻው ላይ በፊደል ደረጃ አንድ ይሁን። የድጋፍ ደብዳቤውን ቲቸርን ከአንድ ወር በፊት ጠይቂያቸው፤ ስትጠይቂም በክፍላቸው ምን እንደሠራሽ በአጭሩ ጽፈሽ ስጫቸው። ብዙ ተማሪ ያስተምራሉ፤ ሁሉንም እንዲያስታውሱ መጠበቅ አይገባም።

«ብትወድቂስ?»

ብወድቅ ድርሰቱ አብሮኝ አለ በያቸው። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ እስከ 650 ቃል የሚደርስ ድርሰት ይጠይቃል። ዛሬ ለውድድሩ ያሰብሽበት፣ የሰረዝሽውና ደግመሽ ያስተካከልሽው ታሪክ ነገ እዚያ ይገባል፤ ከነገ ወዲያ ለሥራ ማመልከቻ ይሆናል። ባዶ እጇን የምትቀረው ያልጻፈችው ብቻ ናት።

«አንዲት ሴት ብትማር ምን ልታመጣ?»

ደቡብ ኮሪያ የሚገኘው ኢውሃ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ በ1886 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የነበረው ተማሪ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ያኔም «አንዲት ሴት ምን ታመጣለች?» ያለ አይጠፋም። ዛሬ ኢውሃ ከዓለም ትልልቅ የሴቶች ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ሴቶችም ስኮላርሺፕ ይሰጣል። አንዲት ሴት ያመጣችው ይህን ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር፤ ወላጆችና መምህራን። ልጃችሁ ከእናንተ የምትለምነው ገንዘብ አይደለም፤ ጊዜ ነው። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ስጧት። ቡናውን ወንድሟ ያፍላ፤ ዕቃውን አባቷ ቢያጥብ እጁ አይረግፍም። ርዕሰ መምህራን የውድድር ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ ቢሮ ውስጥ አታስቀምጡት፤ በሰልፍ ላይ ይነበብ፣ በሚኒ ሚዲያ ይነገር፣ የሴቶች ክበብ ይያዘው። የእንግሊዝኛ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለድርሰት ልቀቁ፤ ቀይ እስክሪብቷችሁም ፊደል ብቻ አያርም፤ «እዚህ ላይ ምን ማለትሽ ነው?» እያለ ይጠይቅ።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ መልሱን ሁሉ ይዘሻል። ከእንግዲህ ለማንም አትመልሺ። ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን አንቀጽ ጻፊ፣ ነገ ለቲቸር አሳዪ፣ ከቀኑ በፊት ላኪ።