በግ የነቀለው ኤርዝ

ክረምት ሲገባ ጉና ጉሙን ወደ ደብረ ታቦር ይለቅብናል፤ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ጋቢ ከትከሻ አይወርድም። አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ያኔ የምሠራበት ድርጅት ቅርንጫፍ ቢሮ የመብራት መስመሩ "ታድሶ" ነበር። ታድሶ የሚለው ቃል የእኔ አይደለም፤ ከርክክቡ ቃለ ጉባኤ የወሰድኩት ነው።

ሥራውን የያዙት በፕሮፎርማ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረቡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ መሰላል ይይዛል፣ አንዱ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ስልክ ያወራል። ብሬከሩን ሳያጠፉ ሽቦ ሲልጡ አይቼ "ኧረ እባካችሁ አጥፉት" ብላቸው፣ የኮርኒሱ ልጅ አንገቱን ብቅ አድርጎ "ጋሼ፣ እኛን ያውቀናል" አለኝ። መብራቱን ማለቱ ነው። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ። ባለሙያ ፊት የሚፈራ ሰው መምሰል ለካ ከመነዘር ይብሳል።

እስከ ሰኔ ምንም አልነበረም። ዝናቡ ሲጠና ግን የፎቶ ኮፒው ማሽን ብረት ይነዝር ጀመር። ቀጥሎ የኮምፒውተሮቹ ሳጥን፣ ቀጥሎ ፍሪጁ። ፀሐይ ስትወጣ ያርፋሉ፤ ሲዘንብ ይነሳሉ። እኛም ለመድነው። ማሽኑን በወረቀት ጠቅልለን እንከፍታለን፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ሳንነግረው እንዲነካው ትተን እንስቃለን። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ አልሳቁም። አንድ ጠዋት ጠበል በሃይላንድ ይዘው መጡና ማሽኑን ሊረጩ ክዳኑን ፈቱ። ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ እጃቸውን ያዝኩ። "እትዬ፣ ይኼ ውኃ ሲነካው ይብስበታል!" አልኳቸው። "እሱማ ርኩስ መሆኑን አሳየህ" አሉኝ። ደግሞ የሚገርመው እሳቸውን ነዝሯቸው አያውቅም። ኮንጎ ጫማ ነው የሚያደርጉት፤ ፕላስቲክ። የምንዘለው በዝናብ የራሰ የቆዳ ጫማ የምናደርገው ነን።

ሥራ አስኪያጃችንም ጫማቸው ወፍራም ጎማ ስለነበረ አላመኑኝም። ደብዳቤ ጻፍኩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ጠቀስኩ፤ አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነት መጠበቅን በአሠሪው ላይ ይጥላል፣ 93 ደግሞ አደጋ ያስከትላል ብሎ ያሰበውን ነገር ሠራተኛው እንዲያሳውቅ ያዛል። ደብዳቤው ወደ ግዥ ተመራ፤ ግዥ ወደ ፋይናንስ፤ ፋይናንስ "ርክክብ የተፈጸመ ስለሆነ" ብሎ መለሰው። በመጨረሻ ስልክ የሚያወራው ሰውዬ በቦቲ ጫማ ብቅ አለና መዳፉን ማሽኑ ላይ ለጥፎ "ይኸው! የታለ?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እልህ ያዘኝና እኔም ለጠፍኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የያዝኩት ሻይ በሥራ አስኪያጁ ሱሪ ላይ መሆኑን ነው። "ያንተ ደም ይስባል" አለኝ ሰውዬው።

ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለው ጋፋት ትዝ የሚለኝ እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚስዮናውያኑን መድፍ ሥሩ ሲሏቸው እነ ዋልድማየር ሙያው የለንም ብለው ነበር። ንጉሡ አልሰሟቸውም፤ ሲሞክሩም መጀመሪያ አልሆነላቸውም። ቢሆንም ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል እዚያው ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ተጎተተ። አናውቅም ያሉት መድፍ አወጡ፤ ያውቀናል ያሉት ሦስት ሶኬት አላወጡም።

እኔ ያቃተኝን በግ ጨረሰው። ዘበኛችን አባባ ለፍልሰታ ፍቺ ሙክት ገዝተው ነበር። ከግድግዳው ሥር፣ ሽቦ የተጠመጠመባት ብረት መሬት ውስጥ ተሰክታ አዩና "ደግ ችካል ነው" ብለው በጉን አሰሩባት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። በጉ አንዴ ጮኸ፤ ሽቅብ ዘለለ፤ ብረቷን ነቅሎ፣ ሽቦዋን በጥሶ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ መንገዱ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ በመስኮት እያዩ ነበር። ሮጠን ስንይዘው ገመዱ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችው ብረት አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነበረች። የቢሮው ኤርዝ፣ የመብራቱ የመሬት ዘንግ፣ ያቺ ናት። በቃለ ጉባኤው ላይ 2 ሜትር ተኩል ተብላለች።

ዋናው ብሬከር በዚያው ሰዓት ተዘጋ፤ ሥራ አስኪያጁ በራሳቸው እጅ ዘጉት። በማግስቱ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ከባሕር ዳር መጣ። በ810/2006ቱ የኢነርጂ አዋጅ መሠረት ከመጀመሪያውም ይህን ወረቀት መጠየቅ ነበረብን፤ ማንም አልጠየቀም፣ እኔንም ጨምሮ። ኮርኒሱን ሲከፍተው መገጣጠሚያው በናስትሮ ፈንታ በፌስታል ተጠቅልሏል። ጣሪያው ሲያፈስ ፌዙ ከኤርዙ ሽቦ ጋር ይገናኛል፤ ኤርዙ መሬት በደንብ ስላልገባ ብሬከሩ አይወርድም፤ ኃይሉ ብረት በሙሉ ላይ ይሠራጫል። የሚያድነን ሽቦ ራሱ ነበር የሚያዞርልን። ባለሙያው 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ መሣሪያ ገጠመ፤ ከዚያ ረጅሙን የመዳብ ዘንግ በመዶሻ ይወቃው ጀመር።

አባባ በጉን ይዘው ራቅ ብለው ቆሙ። ዘንጉ ሲገባ፣ ሲገባ፣ አሁንም ሲገባ አዩና ጠጋ ብለው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ይኼኛው ለበሬ ነው?"