ማን ማንን ተወ?

አምስት ኪሎ ጀበና ቡና ከሚጠጣው ሰው መሀል ከሥራ ተባሮ የሚያውቅ የለም። ሁሉም «ትቼላቸው ወጣሁ» ባይ ነው። አለቃውን በሰው ፊት ልክ ልኩን ነግሮ፣ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ነው የወጣው። አለቃው ደግሞ ፒያሳ ማኪያቶውን እያማሰለ «አባረርኩት! አንድ ቀን አላሳደርኩትም» ይላል።

ችሎት ፊት ሲቆሙ ግን ታሪካቸውን ይለዋወጣሉ። ያ ጀግና አንገቱን ደፍቶ «ያለ ጥፋቴ ተባረርኩ» ሲል፣ ያ ቆራጥ ድምፁን አለስልሶ «ኧረ እንደ ልጃችን ነበር የምናየው፤ ራሱ ነው የቀረው» ይላል።

ወደው አይደለም። እኛ አገር ሥራ ላጣ ሰው የሚከፍል የሥራ አጥነት መድን የለም። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተባለ የሚሄደው ለጡረታ ነው። የሚቀረው የስንብት ክፍያ ነው፤ እሱም በአዋጅ 1156/2011 ማን ማንን ተወ በሚለው ላይ ይንጠለጠላል። ከሕግ ውጭ የተባረረ ያገኛል። በፈቃዱ የለቀቀ ግን፣ አሠሪው ክብሩን ደፍሮት ወይም ይህን በመሰለ በደል ካልሆነ በቀር፣ አምስት ዓመት ካልሞላው ባዶ እጁን ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለየዓመቱ ሲሶው ይታሰባል። በ9,000 ብር ሦስት ዓመት ለሠራ ሰው 15,000 ብር ይመጣል። ያቺ የቡና ላይ «ትቼላቸው ወጣሁ» ይህን ያህል ታወጣለች።

አሠሪውም ሒሳብ ያውቃል። «መልቀቂያህን አስገባና የሥራ ልምድህን ውሰድ» ይላል፤ የሥራ ልምዱን ሕጉ በነፃ ስጥ እንዳለው ረስቶት አይደለም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ «ለግል ጉዳዬ ስል በገዛ ፈቃዴ» የሚለው ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የሚቀየረው ስም ብቻ ነው። ስንት ሺህ ሰው አንድ ዓይነት የግል ጉዳይ እንደገጠመው ይገርማል።

ፒያሳ በ2016 በከፊል ስትፈርስ ጉዳዩ ይብስ ተወሳሰበ። ሱቁ ሁለት ታክሲ ወደሚያስይዝ ሰፈር ሄደ፣ ሻጩ ልጅ አራዳ ቀረ። የሄደው ሱቁ፣ «ቀረ» የተባለው ልጁ!

ረቀቅ ያለው አሠሪ ግን ደብዳቤም አያስፈርምም። በስድስት ወር ውስጥ አምስት የሥራ ቀን የቀረን፣ በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ ማሰናበት እንደሚቻል አንብቧል። ስለዚህ ሠራተኛውን ጠዋት በር ላይ በዘበኛ ያስመልሰዋል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሙን ለጥፎ «ከሥራ ገበታዎ ስለቀሩ በአስቸኳይ ሪፖርት ያድርጉ» ይለዋል። ሰውየው ይህን ለማንበብ መግባት አለበት፤ እንዳይገባ ዘበኛ አለ።

ክርክሩ ሲጀመር የአሠሪው ምስክር ሆኖ የሚቀርበው ያው ዘበኛ ነው። «ሲመጣ አላየሁትም» ብሎ ይምላል። ምን ያድርግ፣ እሱም አምስት ዓመት አልሞላውም።