ኢቃማ የሌላቸው የካርቱም ነዋሪዎች፦ ስለ ግቢ ወፎች ጠባይ የቀረበ ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት፣ ካርቱም ጅሬፍ ውስጥ ሐበሾች ተከራይተው በሚኖሩበት አንድ ግቢ ነው። የመስክ መሣሪያዎቹ አንድ አንገረብ (የገመድ አልጋ) እና አንድ ጀበና ናቸው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ተመራማሪው ከአንገረቡ መነሣት ስለሚያቅተው ምልከታው አልተቋረጠም።

የመጀመሪያው እንግዳ ጠባይ የተመዘገበው በዓርብ ቡና ነው። ዓርብ ሥራ እንደሌለ ለድንቢጦች ማን እንደነገራቸው አልተደረሰበትም። ጀበናው ሲጣድ የኒም ዛፉ ላይ ይሰፍራሉ፤ ፈንዲሻው ሲበተን ይወርዳሉ። አቦል ላይ ደርሰው ቶና ሳይቀዳ ይሄዳሉ፤ በረካን የጠበቀች ድንቢጥ አልታየችም። ስለዚህ ድንቢጥ የምትመጣው ለፈንዲሻው እንጂ ለጨዋታው አይደለም የሚል መላ ምት ቀርቧል። ቡና አፍይዋ አንዳንድ ተጋባዦችም በዚሁ ምድብ እንዲመዘገቡ አመልክታለች።

ዋኖሶች ከዚሩ (ከውሃ ማሰሮው) ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ጠጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ጥላ ውስጥ ተዘርረው ያለከልካሉ። ተመራማሪውም እንዲሁ ስለሚያደርግ ይህ እንግዳ ጠባይ ተብሎ አልተያዘም።

ከዝናብ ጋር ስለሚመጣው፣ ሱዳኖች ሲምቢር ስለሚሉት ራዛ ብዙ አንልም። ሳይንሳዊ ስሙ የተወሰደው የዶንጎላ ገዢ ከነበረው ከአብዲም ቤይ ነው፤ በባለሥልጣን ስም የተጠራ ወፍ ላይ አስተያየት መስጠት ለስደተኛ አይመከርም።

ዋናው ግኝት ከሻን፣ ማለትም የፖሊስን አፈሳ፣ ይመለከታል። ፖሊስ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለውን የውጭ ዜጋ ሊያፍስ ሰፈር ሲገባ በሰው ልጅ ዘንድ የታወቀው የመንጋ ጠባይ ይታያል፦ በር ይቀረቀራል፣ ስልክ ይደወላል፣ ጀበናው እሳት ላይ ይረሳል። ድንቢጦቹ ግን ባለቤት ያጣውን ፈንዲሻ ረጋ ብለው ይጨርሳሉ። አንዷ የፖሊሱ መኪና ላይ አርፋ ላባዋን ስታበጥር ታይታለች። ኢቃማ አልተጠየቀችም።

ይህ ማለት ግን ሱዳን ውስጥ ወፍ አይያዝም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ምዕራብ ዳርፉር ክሬይኒክ አካባቢ አንድ ጥንብ አንሳ በእስራኤል ሰላይነት ተጠርጥሮ ተይዟል። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ስም የሰፈረበት መለያና በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የመገኛ ጠቋሚ ተገኝቶበታል። መሣሪያው የወፉን አካሄድ ብቻ እንደሚመዘግብ፣ ፎቶም እንደማያነሣ የእስራኤል ባለሙያዎች አስረድተዋል፤ ሰላይ ቢሆንም ሌላ ምን ይሉ ነበር የሚለው ጥያቄ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳዑዲ ዓረቢያም ውስጥ ሌላ ጥንብ አንሳ በተመሳሳይ ጥርጣሬ ተይዞ ነበር።

የሱዳኑን ጥንብ አንሳና የግቢያችንን ድንቢጥ ስናስተያይ፣ ከየት እንደመጣና የትኛው ተቋም እንደሚያውቀው የሚመሰክር ማስረጃ የያዘው ወፍ ታሰረ፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት የሌላት ድንቢጥ በልታ ሄደች። ግኝቱ ዓርብ ቡና ላይ ሲቀርብ፣ ኢቃማ ለማውጣት ገንዘብ ስታጠራቅም የከረመች አንዲት ጎረቤት፣ ገንዘቡን ወደ ዕቁብ ብታዞረው ምን ይመስለናል ብላ ጠይቃለች።