ሪፉ ይወሰዳል፣ ስሙ ይቀራል

ኧረ እኛ የሮክ አፍቃሪዎች ስንቱን እንቻል! ጆሯችን ላይ ተጣብቆ የሚውለውን አጭር የጊታር ሐረግ፣ ሪፉን፣ ዕድሜ ልካችንን የአንድ ዝነኛ ባንድ ነው እያልን እናንጎራጉራለን። ኋላ ሲጣራ ባለቤቱ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከሞተ በኋላ።

የጊታሪስቱ የቦቢ ፓርከር ነገር ያንገበግባል። እ.ኤ.አ. በ1961 «ዋች ዩር ስቴፕ» ላይ የተጫወተውን ሪፍ ቢትልሶች በ1964 ለ«አይ ፊል ፋይን» መነሻ አደረጉት። ጆን ሌነን አልካደም፤ ከየት እንዳመጣው በአፉ ተናግሯል። በደራሲነት የተመዘገቡት ግን ሌነንና ማካርትኒ ብቻ ናቸው። ፓርከር በ2013 ሲያርፍ ሪፉን የማያውቅ አልነበረም፤ እሱን የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

የሙዚቀኛው የቦ ዲድሊማ ይብሳል፤ እሱ የተወሰደበት ምት ነው። ሦስት ምት፣ ትንሽ ፋታ፣ ሁለት ምት፤ እግር ሳይጠየቅ የሚነሳለት። ምቱ ከጥንትም በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የነበረ ቢሆንም፣ በ1955 በራሱ ስም በሰየመው ዘፈን ሮክ ውስጥ የተከለው እሱ ነው። በ1957 ባዲ ሆሊ፣ በ1988 ዩቱ በ«ዲዛየር» ተጠቀሙበት። የቅጂ መብት ሕግ ለዜማና ለግጥም እንጂ ለባዶ ምት ብዙም አይቆምምና፣ ሰውየው የበይ ተመልካች ሆኖ እንዳማረረ በ2008 አለፈ።

ሕግ ሲሠራም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዘ ቨርቭ በ1997 «ቢተር ስዊት ሲምፎኒ»ን ሲያወጣ የቫዮሊኑን ሐረግ የወሰደው ከአንድሪው ኦልድሃም ኦርኬስትራ ቅጂ ነው። ያ ቅጂ የሮሊንግ ስቶንስ ዘፈን ቅንብር ስለነበር ድርሰቱም ገቢውም ወደዚያ ሄደ። በ2019 የስቶንሶቹ ጃገርና ሪቻርድስ ለዘ ቨርቩ ድምፃዊ ለሪቻርድ አሽክሮፍት መለሱለት፤ ደግ አደረጉ። ግን ቫዮሊኑን ያቀናበረው ዴቪድ ዊታከርስ? ከደራሲዎቹ ዝርዝር ያኔም አልገባ፣ አሁንም የለም።

መዋሱን ማንም አይጠላም፤ ሙዚቃ ከሙዚቃ ይወለዳል። የመረረን ዝምታው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ሪፉን ወስዶ ስምን መተው ንቀት ነው። ገንዘቡ እንኳ ቢቀር ስሙ አይቅር። አልበሙ ላይ ይጻፍ፣ ሬዲዮ ላይ ይጠራ፣ መድረክ ላይ ይነገር። አንድ መስመር ናት፤ ማንንም አታከስርም።