ስለ ፓኬጆች ስምና ማዕረግ

ፓኬጅ ማለት አንድ ሶፍትዌር ከነመጫኛ መመሪያው ታስሮ የሚቀመጥበት ጥቅል ነው። ቃሉ ለወሎዋ ከተማ ለወረኢሉ ሰው እንግዳ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጆች ይዞ ገጠር ገብቷል፤ የክትባቱ ፓኬጅ ክትባት፣ የመጸዳጃ ቤቱም መጸዳጃ ቤት ይባል ነበር። የኮምፒውተሩ ፓኬጅ ከዚህ ዓይነቱ የዋህነት ነጻ ነው። ዴቢያን በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ከእርሱ በተወለደው በኡቡንቱ ዘንድ እያንዳንዱ ፓኬጅ ስም፣ የቨርዥን ቁጥርና የፕሮሰሰር ዓይነት አለው፤ ሦስቱ ተያይዘው የፋይሉ ስም ይሆናሉ። ይህን ስም ያነበበ ሰው በውስጡ ምን እንዳለ ወዲያው ያውቃል ተብሎ ይታመናል። እምነቱም እስከ ዛሬ አልተናወጠም።

የስም ሕጉ ግልጽ ነው። ስሙ ከሁለት ፊደል ማነስ የለበትም፤ የሚፈቀዱትም ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት፣ አኃዞች፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች እንዲሁም ነጥብ ብቻ ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ከዩኒኮድ 3.0 ጋር ወደ ኮምፒውተሮች ዓለም ቢገባም፣ ፓኬጅ ስም ላይ ድርሽ ማለት አልተፈቀደለትም። ይህ ለአማርኛ የተዋለ ትልቅ ውለታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተዘጋጀው ሴራ የተባለ የአጻጻፍ ዘዴ (በአማርኛ ሲነበብ ለሚሰማው ነገር አዘጋጆቹ አይጠየቁም) ግዕዝን በላቲን ሲጽፍ «ተ»ን በትንሹ ቲ፣ «ጠ»ን በትልቁ ቲ፣ «ቸ»ን በትንሹ ሲ፣ «ጨ»ን በትልቁ ሲ ይለያል። የፓኬጅ ሕግ ትልልቆቹን ፊደላት ስለማይቀበል ልዩነቱ ይጠፋል። ወረኢሉ ውስጥ የጤፍ ዋጋ የሚመዘግብ ፕሮግራም ቢሠራ የቴፍ ዋጋ መዝጋቢ ይሆናል፤ ጨው ቸው፣ ጠላ ተላ ይባላል፤ ባለጉዳይ የጠራና ተራ ያስያዘ በአንድ ስም ይጠራሉ። ተማሪን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያስቸግሩ የኖሩት ፊደላት በዚህ መንገድ ያለ ክፍያ ይወገዳሉ።

የከተማዋ የራሷ ስምም ከዚህ ሕግ ብዙ ይጠቀማል። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ እንዲከት የታዘዘው እዚህ ነበር። ስሟ ወረኢሉም ወረይሉም ተብሎ ይጻፋል፤ በላቲን ደግሞ አንድ ቃልም ሁለት ቃልም ሆኖ ይገኛል። ሠራዊቱ በዚህ ሳይደናገር ደርሷል። በፓኬጅ ሕግ ግን እነዚህ ሁሉ የማይተዋወቁ ስሞች ስለሆኑ፣ ግማሹ ጦር «ጥገኝነቱ አልተሟላም» ተብሎ መንገድ ላይ በቀረ ነበር።

ሌሎቹ የስያሜ ጥበቦች ባጭሩ ሊገለጹ ይችላሉ። ከሲስተሙ መሠረቶች አንዱ የሆነው ላይብረሪ ሊብሲ6 ይባላል፤ ቨርዥኑ ግን 6 ሳይሆን 2 ነጥብ ምናምን ነው። ፋየርፎክስ በንግድ ምልክት ክርክር ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2016 በዴቢያን ውስጥ አይስዊዝል ተብሎ ኖሯል። ፓይተን-ኢዝ-ፓይተን3 የሚባል ፓኬጅም አለ፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲጠራ ፓይተን 3 ማለት መሆኑን ለኮምፒውተሩ ከማሳወቅ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፎንት ቀድሞ ቲቲኤፍ-ሲል-አቢሲኒካ ይባል ነበር፤ በኋላ የፎንቶች ሁሉ የስም መነሻ ሲለወጥ ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ ሆነ። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲደረግ አሮጌውን ስም የሚጠራ እንዳይቸገር የሽግግር ፓኬጅ ይዘጋጃል። ውስጡ ባዶ ነው፤ ሥራው ወደ አዲሱ ስም መጠቆም ብቻ ነው፤ ጊዜው ሲደርስም ይነሣል። ሽግግር የተባለ ነገር ሁሉ በታሰበለት ጊዜ እንደሚያበቃ ደግሞ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይጠራጠርም።

ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው የቨርዥን ቁጥር ነው። ቁጥር የተባለው ለክብሩ ያህል ነው። 1.10 ከ1.9 ይበልጣል፤ ነጥቡ መለያ እንጂ የአስርዮሽ ነጥብ አይደለምና ይህስ ምክንያት አለው። ቲልድ የምትባለዋ ጠመዝማዛ ሰረዝ ግን ከባዶም ታንሳለች፤ 1.0 ተብሎ ቲልድና ሌላ ነገር ቢጨመርበት ከ1.0 ያነሰ ይሆናል። ሲጨመርለት የሚያንስ ነገር መኖሩን የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ስለሚያውቅ ማብራሪያ አያሻውም። አንድ አዘጋጅ 2.0ን ካወጣ በኋላ ብልሹ መሆኑን አይቶ ወደ 1.9 መመለስ ቢፈልግ ደግሞ፣ ቁጥር ወደ ኋላ መሄድ ስለማይፈቀድለት 2.0+ሪሊ1.9 ይለዋል። ሪሊ ማለት «እውነቱን ለመናገር» ነው። ቁጥሩ ሁለት ነኝ ብሎ ይጀምርና ሳይጨርስ ይናዘዛል። ገበያ ላይ «ወላሂ» የሚባለው ዋጋው ከተጠራ በኋላ ነው፤ እዚህ መሐላው ራሱ የዋጋው አካል ሆኗል።

የሥርዓቱ ዘውድ ግን ኢፖክ ነው፤ በአማርኛ ዘመን ሊባል ይችላል። ከቨርዥኑ ፊት የሚቀመጥ አንድ ሙሉ ቁጥር ሲሆን ከቀሪው በሁለት ነጥብ ይለያል። ካልተጻፈ እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ኮምፒውተሩ ሁለት ቨርዥኖችን ሲያወዳድር አስቀድሞ የሚያየው ዘመኑን ነው፤ አንዱ በዘመን ከበለጠ የቀረውን ማንበብ አያስፈልገውም። ስለዚህ 1:0.1 ከ9999 ይበልጣል። ዘመን የተፈጠረው አዘጋጆች በቁጥር አሰጣጥ ሲሳሳቱ ማረሚያ እንዲሆን ነው፤ አንዴ ከገባ ግን አይወጣም፤ ፓኬጁ እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል። ጊት የተባለው ፕሮግራም በዴቢያን ውስጥ በዘመን 1፣ ቪም ደግሞ በዘመን 2 ይገኛሉ። የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ ዘመን በአራት በአራት ዓመት ዞሮ ይመለሳል፤ የዴቢያን ዘመን መመለስ አያውቅም። በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ የሚያሳርፉት የብራና ጸሐፊዎች ይህን ሕግ ሳይሰሙ ማረፋቸው ደግ ሆኗል።

ለኢትዮጵያ ይህ መሣሪያ ከሌላው ዓለም ይልቅ ያስፈልጋታል። አንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ማዘጋጃ ፕሮግራሙን በፈረንጅ ዓመት 2024 ብሎ ቢሰይመው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ በጀቱ ከሐምሌ እስከ ሰኔ መሆኑን ያስብና 2017 ይለዋል። ኮምፒውተሩ አዲሱን ከአሮጌው በሰባት ዓመት ያረጀ አድርጎ ያየዋል። መፍትሔው 1:2017 ማለት ነው። ሦስተኛው ባለሙያ ወደ ፈረንጁ ቢመለስ 1:2026 ብሎ ያልፋል፤ አራተኛው ወደ አበሻው ሲመለስ ግን 2:2019 ማለት ግድ ይሆንበታል። ከፈረንጁ ወደ አበሻው አቆጣጠር በተመለሱ ቁጥር አዲስ ዘመን ይብታል።

ሥርዓቱ ከኮምፒውተር አልፎ ለኅብረተሰቡ ቢዳረስ ጥቅሙ ይበልጥ ይታያል። በሰርግ ዳስ መቀመጫ የሚያዘው በዕድሜ ነው፤ ሼሁ፣ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ከላይ፣ ጎረምሳው ከበሩ አጠገብ። በአዲሱ ሕግ የ80 ዓመቱ አዛውንት ዘመን ስላላስጻፉ 0:80 ናቸው። የ12 ዓመቱ በግ ጠባቂ ቀበሌ ሄዶ ስላስጻፈ 1:12 ነው። ብላቴናው ዳስ ሲገባ አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ፤ እሱም ሕግ ነውና ሳያፍር ከላይ ይቀመጣል። በሳምንቱ አዛውንቱ ቀበሌ ወርደው 1:80 ሆነው ይመለሳሉ። የብላቴናው እናት ይህን ስትሰማ ልጇን 2:12 ታስደርጋለች። ቀበሌው የዘመን መስኮት የሚባል አዲስ መስኮት ይከፍታል፤ ሰልፉ መናኸሪያ ይደርሳል። ዕድሩ ተሰብስቦ ደንቡን ያሻሽላል፤ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ለቀስተኛ ከእንግዲህ ተራው በዘመን ነው። ሽማግሌ የሚልክ ወላጅ ከዘመን 3 በታች ሽማግሌ መላክ ያፍራል፤ የልጅቱ አባትም ከዘመን 4 በታች ሽማግሌ ተቀብሎ አያነጋግርም። ከተማው በዘመን 5 ሲሞላ ዘመን 5 ምንም ማለት ስለማይሆን ሁሉም ወደ 6 ለመውጣት እንደገና ይሰለፋል። ዓመት ሳይሞላ አንድ የአርባ ቀን ሕፃን 9:0 ሆኖ ታቅፎ ይመጣና ከሁሉ በላይ ይቀመጣል። ያዋለዱት የ90 ዓመት እናት ዘመን ስላላስጻፉ በር ላይ ከጫማው ጋር ተቀምጠዋል። ምርቃት የታላቅ ነውና ሕፃኑ ዱዓ እንዲያደርግ ይለመናል። ሕፃኑ ያለቅሳል። ዳሱ በሙሉ «አሚን» ይላል። ሙሽሮቹ ምን ተብለው እንደተመረቁ አያውቁም፤ ቢሆንም በወረዳው ከዚህ የሚበልጥ መራቂ ስለሌለ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ይቀራል። ዘመኑ በመታወቂያው ላይ አይጻፍም። ይህ ከሰርጉ ተረት የተወሰደ አይደለም፤ በዴቢያን የፓኬጅ ማከማቻ ውስጥ የፋይሉ ስም ዘመኑን አያሳይም። ኤፒቲ የሚባለው ጫኚ አውርዶ ሲያስቀምጠው ብቻ ሁለት ነጥቡን በፐርሰንት ምልክት፣ በ3 እና በኤ ተክቶ ይጽፈዋል፤ ለገባው ሰው ማለት ነው። ኢንተርኔት የሚቆራረጥበት የወረኢሉ ባለሙያ ከደሴ ፍላሽ ላይ ሁለት ፋይል ገልብጦ፣ መንገድ ላይ የሚጠብቀውን የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ ይመጣል። አንዱ 2024፣ ሌላው 2017 ይላል። የትኛው አዲስ እንደሆነ ከስሙ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም። ትንሹን ቁጥር አስቀድሞ፣ ትልቁን ከእሱ በኋላ ይጭናል፤ ኮምፒውተሩ ወደ አሮጌ ቨርዥን እየተመለስክ ነው ብሎ ያስጠነቅቀዋል፤ ባለሙያውም ኮምፒውተሩ ነካ አድርጎታል ይላል። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። ደረጃ የሚወስነውን ቁጥር ደብቆ ደረጃ የማይወስነውን ማሳየት ማታለል ነው። የተሳሳተው አዘጋጁ ነው፤ ስህተቱን ተሸክሞ ጉጉፍቱን የሚያቋርጠው ግን ሌላ ሰው ነው።

የፋይሉ ስም ሦስተኛው ክፍል የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው። ኤኤምዲ64 የሚል ፓኬጅ ኢንቴል ኮምፒውተር ላይም ያለ ችግር ይሠራል፤ ስለዚህ ክፍል ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

ፓኬጆቹ ተሰብስበው አንድ ላይ ሲወጡ ጠቅላላው እትም የራሱ ስም ይወጣለታል። ኡቡንቱ እትሞቹን በዓመትና በወር ይቆጥራል፤ 24.04 ማለት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2024 ነው። በአበሻ አቆጣጠር ቢሆን 17.13 የሚባል፣ ለጳጉሜን አምስት ቀናት ብቻ የሚያገለግል እትም ማውጣት ይቻል ነበር፤ በዘመነ ሉቃስ አንድ ቀን ይመረቅለታል። ከቁጥሩ ሌላ እያንዳንዱ እትም በፊደል ተራ የአንድ እንስሳ ስም ይሰጠዋል። በአይ ተራ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የዋልያ ዘመድ የሆነው አይቤክስ ደርሶታል። ጂ ሁለት ጊዜ ተራ ደርሷት እ.ኤ.አ. በ2007 ጊቦን፣ በ2020 ደግሞ ጎሪላ ተመርጠዋል። በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ጭላዳ በላቲን በጂ የሚጀምር ስም ይዞ ሁለቴ ታልፏል፤ ምክንያቱ አልተገለጸለትም።

ዴቢያን እንስሳ አይወድም፤ ስሞቹን የሚወስደው «ቶይ ስቶሪ» ከተባለው የአኒሜሽን ፊልም ነው። ልማዱ ሲጀመር ፕሮጀክቱን ይመራ የነበረው ብሩስ ፔረንስ የፊልሙ ሠሪ የፒክሳር ባልደረባ ነበር። ዴቢያን 1.0 የሚባል እትም ኖሮ አያውቅም፤ አንድ የሲዲ ነጋዴ ያላለቀውን ሥራ 1.0 ብሎ ስለሸጠው ትክክለኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1996 1.1 ተብሎ ወጣ፤ ስሙም በዝ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሬክስ፣ ፖቴቶ፣ ዉዲ፣ ጄሲ፣ ቡክዎርም እያለ ቀጥሏል። ገና እየተሠራ ያለውና በየቀኑ እየፈረሰ የሚጠገነው ክፍል ሲድ ይባላል፤ ሲድ በፊልሙ ውስጥ መጫወቻ የሚሰባብረው የጎረቤት ልጅ ነው። እስካሁን ከተጠቀሱት ስሞች ሁሉ ውስጡ ያለውን በትክክል የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፤ የቨርዥን ቁጥር የለውም።